ክዳኑ ላይ የሚያበቃ ሥራ

ባለጉድጓዱ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የማዋለጃ ቤቱ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ አፉ ስለማያርፍ እሱ ራሱ ሬዲዮ ይባላል። ሰውየው በስሙ ተቀይሞ አያውቅም። እናንተ በፊት በር በአበባ የምትቀበሉትን እኔ በጓሮ በር እሸኛለሁ፣ ይል ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከማዋለጃ ቤቱ ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያውን አለፍ ብሎ፣ አፉ በሲሚንቶ የተሸፈነ ሰፊ ጉድጓድ አለ፤ መሃሉ ላይ የብረት መክደኛ ተገጥሞለታል። ሴት በወለደች ቁጥር ልጁን ተከትሎ የሚወጣው የእንግዴ ልጅ በባልዲ ተከድኖ በጓሮው መስኮት ይሰጠዋል። እሱ ተቀብሎ ይደፋል፤ ኖራ ይነሰንስበታል፤ ባልዲውን በፈላ ውሃ አጥቦ ይመልሳል። ሌላው ሠራተኛ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን ሥራ እሱ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጫማውን ወልውሎ ነው የሚሠራው። ሬዲዮ፣ «ዛሬስ ለሠርግ ነው ለጉድጓድ?» እያለ ይነካካዋል። እሱም፣ የሰው ሥጋ ነው የምሸኘው፣ እንዳንተ የመኪና በር አልከፍትም፣ ብሎ ያልፈዋል።

ከሸሚዙ በላይ የሚያጠልቀውን ሽርጥ የሰፋችለት ልጁ ናት። አንድ ልጁ። ገና ዳዴ ስትል እናቷ ስለሞተችባት ጸጉሯን ያበጠረው፣ ስታተኩስ አቅፏት ያደረው፣ ትምህርት ቤት ያደረሳት እሱ ነው። አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች። እሱ ፊደል የቆጠረ ሰው አልነበረምና ንባብ ልታስተምረው ብትሞክር እምቢ አላት፤ ጨርቅ ማየትን ግን ወደደላት። ሱቅ ይዛው ስትሄድ፣ «መሃሉን አትይ አባዬ። ነጋዴ መሃሉን ነው የሚዘረጋልህ። ጨርቅ በጫፉ ይታወቃል» ትለው ነበር።

አግብታ አርግዛ ቀኗ ሲደርስ፣ ሌላ ቦታ ምን አስኬዳት፣ አባቷ የሚሠራበት ቤት መጣች።

በዚያን ጊዜ የማዋለጃ ቤቱ ዋና አዋላጅ መስታወት የሚሏት ሴት ነበረች። ከክፍሏ ወለል ላይ ፊትን አይቶ ጸጉር ማበጠር ይቻላል ይባል ስለነበር ነው ቅጽል ስሙ የወጣላት። እጇ ፈጣን፣ ትከሻዋ ቀጥ ያለ፣ ነጭ ልብሷ እጥፋቱ የማይሰበር ሴት ናት። በሥሯ ያሉትን ልጃገረዶች፣ ደም ታየኝ ማለት ሥራ አልተሠራም ማለት ነው፣ ትላቸዋለች። በእሷ ቤት የእንግዴ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ትንፋሽ እንኳ አይቆይም። ወጣ፣ ባልዲ ገባ፣ ተከደነ፣ በመስኮት ሄደ። ጎብኚ ሲመጣ በግርምት ራሱን እየነቀነቀ ይመለስ ነበር።

የባለጉድጓዱ ልጅ ጠዋት ሴት ልጅ ተገላገለች። አያትየው ጨቅላዋን ለአፍታ ታቅፎ መለሰና ወደ ሥራው ሄደ። ወዲያው ባልዲው በመስኮት መጣ። የገዛ ልጁን የእንግዴ ልጅ በገዛ እጁ ወስዶ ደፋው። ሲደፋው እንደ ጨርቅ ተንሸራቶ ተዘረጋ፤ ዓይኑም ሳያስበው ጫፉ ላይ አረፈ። አንድ ወፍራም ደም ስር ከመሃሉ ተነሥቶ፣ በስሱ ሽፋን ላይ ተጋድሞ፣ እስከ ጫፉ ድረስ ሄዶ እዚያው ብጥስ ብሏል። መንገድ ገደል አፋፍ ላይ ደርሶ እንደሚያልቀው። እንግዲህ እንዲህ ነው አፈጣጠሩ ይሆናል ብሎ ኖራውን ነሰነሰበት፤ መክደኛውንም ገጠመ።

እኩለ ቀን ላይ ልጁ ደም ይፈሳት ጀመር። ሆዷን አሹ፣ ጉሉኮስ ሰቀሉ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ለወጡ። አባቷን ያስገቡት መጨረሻ ላይ ነው። በረደኝ አባዬ አለችው። ኮቱን አውልቆ አለበሳት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮቱን መልሰው ሰጡት።

ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀ። መስታወት በአክብሮት አልጋው አጠገብ ቆማ የልጁን የወሊድ ካርድ አሳየችው። «የእንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ነው የወጣው። ይኸው፣ ካርዱ ይናገራል። ደሟ ነው አልረጋ ያለው። ሰዓቷ ነው» አለችው። ካርዱን ተቀብሎ ትክ ብሎ አየው። ገልብጦ ይዞት ኖሮ፣ መስታወት በሁለት ጣቷ አዞረችለት። ከኋላዋ ከቆሙት ልጃገረዶች አንዷ ፈገግ አለች።

የልጁ ባል ዓመት ሳይሞላው ሌላ ትዳር ያዘ። ጨቅላዋ በአያቷ እጅ ቀረች። እሱ ጡጦ ማፍላት ተማረ፤ ሰው ፊት አላለቀሰም፤ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ያቺ ፈገግታና ያ ካርድ ግን በሆዱ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክተው ቀሩ። ያ ካርድ ምን እንደተናገረ በገዛ ዓይኑ ሳያይ መሞት የለበትም።

ዕድሜው ሃምሳ አራት ሲሆን ሬዲዮን ፊደል አስተምረኝ አለው። በምሳ ሰዓት የጉድጓዱ ሲሚንቶ ላይ በከሰል እየጻፈ አስተማረው። ሲሚንቶው ሰሌዳቸው ሆነ፤ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ያጠፋላቸዋል። ሬዲዮ መቼም ዝም አይልም።

«በዚህ ዕድሜህ ተምረህ ምን ልትሆን ነው? ዳኛ?»

«ምስክር።»

ሌላው ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የገዛ ስሙን ነው መጻፍ የሚፈልገው። እሱ ግን «ሙሉ» የሚለውን አሳየኝ አለ። ሬዲዮ ሳቀበት። እሱ ግን ያችን ሁለት ፊደል ያለች ቃል ሲጽፍና ሲያጠፋ፣ ሲጽፍና ሲያጠፋ ሳምንት ሞላ።

የሚቃጠል ወረቀትም የሚመጣው ወደ እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ሽፋኑ የተገነጠለ የአዋላጆች መማሪያ መጽሐፍ መጣ። አላቃጠለውም። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ወር የሚፈጅበት አንባቢ ነበር፤ ግን ያነበበው አይለቀውም። አንዳንዴ የእንግዴ ልጅ በማህፀን በር ላይ ተኝቶ መውጫውን እንደሚዘጋ አነበበ። አንዳንዴ ሥሩን የማህፀን ግድግዳ ውስጥ ሰድዶ አልላቀቅ እንደሚል፣ ያን ጊዜ የሚጎትተው እጅ እናቲቱን እንደሚገድል አነበበ። አንዳንዴም እትብቱ መሃሉን ስቶ ስሱ ሽፋን ላይ እንደሚያርፍ፣ ደም ስሮቹም በልጁ ራስ ፊት ተዘርግተው የሽርት ውሃ ሲፈስ አብረው እንደሚበጠሱ፣ ልጁም በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ አልቆ እንደሚሞት አነበበ። ሁሉም አልፎ አልፎ የሚገጥም ነው ይላል መጽሐፉ። አልፎ አልፎ መሆኑ ለደረሰባት ምን ይጠቅማታል፣ አለ ለራሱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት እንዲህ የሚል ላይ ደረሰ። አንዳንድ የእንግዴ ልጅ ከዋናው ክፍል ተለይቶ የተቀመጠ ትንሽ ተጨማሪ ቁራጭ አለው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው በሽፋኑ ላይ የሚሄድ ደም ስር ነው፤ ቁራጩ ማህፀን ውስጥ ከቀረ ማህፀን ሊኮማተር አይችልምና ደም ይፈስሳል፤ ስለዚህ አዋላጇ ጫፉን በጣቷ ትከተል፤ ደም ስር ጫፍ ላይ ደርሶ ተበጥሶ ከታየ አንድ ነገር ውስጥ ቀርቷል።

መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲሚንቶው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እሱ ጫፉን አይቶታል። ከሐኪሙም፣ ከአዋላጇም፣ ከልጃገረዶቹም ይልቅ ያየው እሱ ነው። አይቶም በኖራ ሸፈነው። ልጁ ገና እስትንፋሷ ሳይወጣ ምስክሯን የቀበረው የአባቷ እጅ ነው። ያኔ ለራሱ የማለውን መሐላ ለማንም አልነገረም። እኔ እንደቀበርኩ መስታወትም ትቀብራለች። በገዛ እጇ።

በሦስተኛው ዓመት የካርዱ ዓይነት ተለወጠና ሳይሠራበት የተረፈው አሮጌ ክምር ለቃጠሎ መጣ። ከባዶዎቹ መካከል ብዕር የነካቸው ሠላሳ አንድ ካርዶች አገኘ። የእናት ስም የለባቸውም። ቀን የለባቸውም። የሕፃኑ ክብደት የለም። ከታች ግን የእንግዴ ልጅ ከሚለው ጎን፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ «ሙሉ» ተብሎ ተጽፏል። ፊርማዋም አለበት።

ነገሩን ቆይቶ ከሬዲዮ ሰማ። መስታወት ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሻይዋን ይዛ ተቀምጣ የሳምንቱን ካርዶች አስቀድማ ትሞላለች። ልጃገረዶቹ ሥራ በዛብን እንዳይሉ ጊዜ ልታተርፍላቸው ነው። ሰንፋ አይደለም፤ ተግታ ነው። ይህ ይበልጥ አቃጠለው። ልጁ ምጥ ሳይጀምራት ገና ሰኞ ዕለት ሙሉ ተብሎላት ነበር።

ካርዶቹን በብስኩት ቆርቆሮ ከትቶ ከኖራው ጆንያ ጀርባ አስቀመጣቸው። ለአለቆች ሊወስዳቸው ይችል ነበር። አልወሰደም። ተግሣጽ ይሰጧታል፣ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ ይሏታል፤ እሱ ደግሞ ተግሣጽ አልነበረም የፈለገው።

ከዚያ ወዲህ ባልዲ ሲመጣለት ሳይገልጥ የደፋበት ቀን የለም። ጓንቱን አጥልቆ ይዘረጋል፤ ጫፉን በጣቱ ይዞራል። ብዙውን ጊዜ ተጨማሪው ቁራጭ ቢኖርም አብሮ ወጥቶ ያገኘዋል። ሁለት ጊዜ ግን ተበጥሶ አገኘ። ሁለቱንም ጊዜ ልብስ አጣቢዋን ልኮ ለአንዲት ወጣት አዋላጅ በሹክሹክታ አስነገረ። ሁለቱም እናቶች ተረፉ። ወሬው ግን አልተደበቀም፤ ባለጉድጓዱ ሐኪም ሆነ ተብሎ ተሳቀ። መስታወት ጓሮ ድረስ ወጥታ መጣችበት። አልጮኸችም፤ ጩኸት አይመጥናትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሥራህ ክዳኑ ላይ ያበቃል። ክዳን ስትከፍት ባይህ እንጀራህ ተቆረጠ ማለት ነው። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ፣ ሲስተር። እንዳሉኝ።»

ልጁ በሞተች በዘጠነኛው ዓመት የመስታወት ልጅ ሚስት ልትወልድ መጣች። የበኩር ልጇ ነው። አማቲቱ ማንንም አላስነካችም፤ ራሷ አዋለደቻት። እልልታው ጓሮ ድረስ ተሰማ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ባልዲውን በመስኮት ያቀበለችው እሷው ራሷ ነበረች፤ ፊቷ በላብና በደስታ ያበራል።

«ወንድ ልጅ ነው። ዛሬ የራሴ ነው እንግዲህ፤ ደህና አድርገህ ሸኝልኝ» አለችው።

ወስዶ ገለጠው። ዘረጋው። ጫፉን በጣቱ ዞረ። ከመሃሉ የተነሣ ወፍራም ደም ስር በሽፋኑ ላይ ተጋድሞ ሄዶ ጫፉ ላይ ብጥስ ብሏል።

ቁጭ አለ። ለዘጠኝ ዓመት ያላገኘው ዕረፍት መጥቶ ትከሻው ላይ የተቀመጠ መሰለው። አንዳች ነገር ማድረግ አይጠበቅበትም። መስረቅ የለ፣ መዋሸት የለ፣ እጅ ማንሣት የለ። ሥራህ ክዳኑ ላይ ያበቃል ያለችው እሷ ናት። ትእዛዟን ማክበር ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ይጀምራል። ሆዷን ያሻሉ። ጨርቅ ይለውጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስታወትም ጡጦ ማፍላት የምትማር አያት ትሆናለች።

ከኖራው አንድ አካፋ አነሣ። አነሣና እንደያዘው ቆመ።

ርኅራኄ ነው ያቆመው ቢባል ውሸት ይሆናል። ለማያውቃት ልጅ ሆዱ አልባባም ማለት አይደለም፤ ባብቷል፤ ግን እጁን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ኖራው ከተነሰነሰ በኋላ የሚሆነው ታየው። መስታወት ታለቅሳለች፤ ሰዓቷ ነው ትላለች፤ ካርዱ ሙሉ ይላል። ለቀስተኛው ያጽናናታል። ምስክሩ ለሁለተኛ ጊዜ ጉድጓድ ይገባል፣ ለሁለተኛ ጊዜም የሚቀብረው እሱ ነው። ቀብራም እንኳ ምን እንደቀበረች አታውቅም። በቀል ተበቃዩ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ምኑ በቀል ነው? አካፋውን ወደ ጆንያው መለሰ።

በአንድ እጁ ባልዲውን፣ በሌላው የብስኩት ቆርቆሮውን ይዞ ተነሣ። በጓሮ መስኮት አልሄደም። ዞሮ በፊት በር ገባ። ሬዲዮ ወዴት ነው ሊለው አፉን ከፍቶ ፊቱን ሲያይ ዘጋው፤ በዕድሜው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ፊት በሚያሳይ ኮሪደር ላይ የኖራ ጫማውን አሳርፎ፣ ከባልዲው እየተንጠባጠበ፣ እስከ ማዋለጃው ክፍል ደጃፍ ሄደ። እዚያ ወጣቱ ተረኛ ሐኪም፣ አባት የሆነው ልጇ፣ ሁለት ልጃገረዶችና መስታወት ቆመው ይሳሳቃሉ። ደጃፉ ላይ ባለው፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛዋ ላይ የእንግዴ ልጁን ዘረጋው።

«አንብቢው» አላት።

እስከዚያ ቀን እርስዎ ሲላት የኖረ ሰው ነው። ከደሙ ይልቅ ያ ቃል ነው ያስደነገጣት።

«አብደሃል? ሙሉ ነው። ካርዱ እዚያው አለልህ።»

ቆርቆሮውን ከፈተ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ከደሙ ጎን ደረደረ። አንዱን አንሥቶ ፊቷ ላይ ያዘላት፤ ገልብጦ ሳይሆን ቀጥ አድርጎ።

«ይቺ እናት ማን ናት? ስም የላትም። ገና አልመጣችም፤ ምናልባትም ገና አላረገዘችም። የእሷም ሙሉ ነው?»

ወጣቱ ሐኪም ጎንበስ ብሎ በጣቱ ደም ስሩን ተከተለ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቀና ሳይል ጓንት አምጡ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ልጃገረዶቹም ተከተሉት። እናቲቱ ሥር ያለው ጨርቅ ከተለወጠ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም ነበር፤ ዳግመኛ ርሷል።

ውጪ ሁለቱ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቆመው ቀሩ። ልጇ ግድግዳ ተደግፏል።

«ልጄም እዚህ ክፍል ነው የወለደችው» አላት። «የእሷም እንዲሁ ተበጥሶ ነበር። ካርዱን ያዞርሽልኝ ጊዜ።»

መስታወት ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። እውነት ለማስታወስ ጥራለች።

«የትኛዋ?» አለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሰውየው ምሳሌውን ሁልጊዜ ይሰማው ነበር፤ በዓይኑ ፊት ቆሞ ያየው ግን ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ ከቆይታ በኋላ የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ በሳህን ይዞ ወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከተበጠሰው ጫፍ ጋር ገጠማት። ልክ ገባች። እናቲቱ እንደ ነጠላ ነጥታ ተረፈች።

ጉዳዩ ተጠንቶ መስታወት ከአለቅነቷ ወረደች። አስቀድሞ መሙላት ቀረ። አዲስ ደንብም ወጣ። የእንግዴ ልጅ ሳይዘረጋ፣ ጫፉ በጣት ሳይዞር፣ ሙሉ ወይም ጎዶሎ መሆኑ በባልዲው ተረካቢ ፊት በድምፅ ሳይነገር ክዳን አይገጠምም፤ ተረካቢውም ካርዱ ላይ ይፈርማል። የቤቱ ኃላፊ ጓሮ ድረስ መጥቶ፣ ሴትየዋን ከፊትህ አንሥተን ወደ ሌላ ቤት እናዛውራት ወይ ብሎ ጠየቀው። የለም፣ እዚሁ ትቆይልኝ፣ አለ። ኃላፊው እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው፤ እንዳንተ ያለ ልበ ሰፊ ሰው አላየሁም ብሎ ሄደ። ምሕረት መስሎት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታዋ እስኪደርስ ሁለት ዓመት ሙሉ መስታወት ባዋለደች ቁጥር መስኮቱ ይከፈታል። እሱ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቆሞ ይጠብቃታል። ሙሉ ነው ትላለች። እሱ፣ «አሳዪኝ» ይላል። ትዘረጋለች፤ ጫፉን በጣቷ ትዞራለች፤ እሱም የጣቷን መንገድ በዓይኑ ይከተላል። ይፈርማል። አንድም ቀን አልቸኮለም፤ አንድም ቀን ሌላ ቃል አልጨመረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቁጣ ትዘረጋው ነበር፤ ከዚያ በእንባ፤ በመጨረሻ ዝም ብላ። ሬዲዮ እንኳ አንድ ቀን፣ አሁንስ በቃት ወንድሜ፣ ብሎት ነበር። የልጅ ልጁን የትምህርት ቤት ልብስ ቁልፍ እየሰፋ፣ ለእኔ መቼ በቃኝ፣ አለው።

በመጨረሻዋ የሥራ ቀኗ ጠዋት አንዲት እናት አዋልዳ መስኮቱን ከፈተች። ከባልዲው ጋር አንድ አሮጌ ካርድ ይዛለች። ከመዝገብ ቤቱ ለመፈለግ ሦስት ወር እንደፈጀባት ነገረችው። ካርዱን በሁለት እጇ፣ ለእሱ በሚነበብበት አቅጣጫ አድርጋ ዘረጋችለት። የልጁ ስም አለበት። ከታች «ሙሉ» የሚለው ቃል በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ በዚያው ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ ትንሽ በተንቀጠቀጠ፣ «ጎዶሎ ነበር፤ አላየሁትም» ተብሎ ተጽፏል። ፊርማዋም አለበት።

«እባክዎ አባቴ፣ አንዲት ቃል እንኳ ይበሉኝ» አለችው።

ካርዱን ተቀብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። በጥንቃቄ አጥፎ ልጁ የሰፋችለት ሽርጥ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ባልዲውን አመለከታት።

«አሳዪኝ» አላት።